ፀሐይዋን ለቀቅ፣ ሰውየውን ጠበቅ

ፀሐይ በሰሜን ወሎዋ ሙጃ ላይ በየቀኑ ትጠልቃለች። ይህን አስቀድሜ መናገር ግድ የሆነብኝ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ መንገደኛ አመሻሽ ላይ የሚይዘውን ድንጋጤ ስለማውቀው ነው። ዛሬ ጠልቃ ነገ የማትመለስ ይመስል ከመኪና ዘሎ ይወርዳል፤ ካሜራውን ወደ ምዕራብ ደግኖ ጣቱን ከመጫኛው ላይ አያነሳም፤ ብርሃኑ ሲያልቅ እፎይ ብሎ ይመለሳል። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሲከፍታቸው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፦ መሐል ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ከበታቿ ምንነቱ የማይለይ ጨለማ። ሞፈር ተሸክሞ ያለፈው ገበሬ ከጨለማው ውስጥ የሆነ ቦታ አለ፤ ማንም ግን አያገኘውም።

እርስዎ ከዚህ ጉድ እንዲድኑ የሚከተለውን ምክር በሙሉ ኃላፊነት አቀርባለሁ። ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ሲሉዌት የሚሉት ፎቶ ባለቤቱ ከብርሃኑ ፊት የቆመው ጥቁር ነገር ነው። ፀሐይ እዚያ የተገኘችው መብራት ልትይዝ ብቻ ነው፤ መብራት ያዡን አንስቶ ሙሽራውን የሚረሳ ፎቶግራፍ አንሺ ደግሞ ሒሳቡ አይከፈለውም።

በሰዓት እንጀምር። ካሜራዎ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ጀንበር 12 ሰዓት ላይ እንደምትጠልቅ ከእናት ጡት ጋር የጠጡ ሰው ነዎት። «12» ብለው ከሞሉለት ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት መስሎት እንደዚያው ይመዘግባል። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ከነገሩት ፎቶው ከመነሳቱ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ ተነስቶ ይገኛል። ለምስሉ ጥራት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ የልጅ ልጆችዎን ግን ያጣላል።

ላሊበላም ሙጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆኑ የጀንበሯ ሰዓት በዓመት ውስጥ ብዙ አይዋልልም። ኅዳር መግቢያ ላይ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ትጠልቃለች፤ ሐምሌ መግቢያ ላይ ደግሞ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የሐምሌውን የነገርኩዎ ለእውቀት ያህል ነው፤ ሐምሌ ላይ እዚያ ደጋ ፀሐይ መጥለቋ የሚታወቀው በመጨለሙ ነው።

ደግሞም ስልክዎ የሚነግርዎ ሰዓት ተራራ የሌለበት አገር ሰዓት ነው። ሙጃ፣ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ፣ ከላሊበላ በስተምሥራቅ ደጋው ላይ ናት። ምሥራቁ ወደ ራያ ቆቦ ሜዳ ቁልቁል ይወርዳል፤ በምዕራብ ግን የላስታ ተራሮች ተደርድረው ቆመዋል፤ ስልኩ ያለውን ሰዓት ሊጠብቁልዎ አልተዋዋሉም። ስለዚህ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው አውራ ጣትዎን በፀሐይዋና በተራራው አናት መሐል ያጋድሙ። የአውራ ጣት ውፍረት በዚያ ርቀት 2 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ 2 ዲግሪ ማለት 8 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለት አውራ ጣት ከገባ ሩብ ሰዓት አለዎት። አንድ ብቻ ከሆነ ወሬውን ይተዉና ይሩጡ።

መሮጡ ቀልድ አይደለም። እዚህ የፀሐይዋ ክብ የታችኛው ጠርዝ ተራራውን ከነካበት እስከ መጨረሻዋ ጭላንጭል ድረስ ከ2 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስቶክሆልም ያለው ዘመድዎ በመስከረም ወር ተመሳሳዩን ትዕይንት በእጥፍ ጊዜ ያየዋል፤ እዚያ ጀንበር የምትወርደው በሰያፍ፣ እንደ ቀጠሮ አርፋጅ እየተጎተተች ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙጃ ላይ ያልቸኮለች ግን ለመልቀምም አትደርስ።

ወቅቱንም ይምረጡ። መስከረምና ጥቅምት ላይ አየሩ ታጥቦ የጠራ ነው፤ በዚያ ላይ ደጋ ነውና ስስ ነው፤ ፀሐይዋ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ዓይን እንደወጋች ትቆያለች። ሜዳውን የሞላው አደይ አበባም አይረዳዎትም፤ በሲሉዌት አደይ አበባ ቢጫነቷን ተቀምታ ተራ ሣር ትሆናለች። ከጥር በኋላ አቧራው ሲነሳ ግን ጀንበሯ ቀልታ፣ ተለሳልሳ፣ ክቧ ጥርት ብሎ ትወርዳለች። ዓለም ሁሉ ንጹሕ ሰማይ ሲለምን እርስዎ በትሕትና አቧራ ይለምኑ።

ዋናው ጉዳይ ግን ምን ይጥቆር የሚለው ነው። ወደዚህ አገር የመጣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስ ስለሆነ ልብዎን ያዘጋጁ፦ ቤተ ጊዮርጊስ ሲሉዌት አይወጣውም። ከአለት ተፈልፍሎ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የወረደ፣ ጣሪያው ከዙሪያው አለት ጋር እኩል የሆነ ሕንፃ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ የለውም። ማታ ማታ ጉድጓዱን ከሁሉ ቀድሞ የሚሞላው ጥላ ነው። ይምርሐነ ክርስቶስም ቢሆን ዋሻ ውስጥ ነው። ቅዱሳን ነገሥታቱ ሲያንጹ የፎቶ አንሺውን ነገር ጨርሶ አላሰቡበትም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸውም ይህን ጉድለት አላነሳም።

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ከማምሻ ሰማይ ጋር የማያሻማ ጠርዝ ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከለል የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ሲሆኑ፣ የከተማው ሰው በክብደታቸው ሠግቶ ይነሱልን ሲል ኖሯል። ሁለተኛው ገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ የሚባለው ምግብ ቤት ነው፤ ከምድር የበቀለ ይሁን ከሰማይ የወረደ ቅርጹን አይቶ መፍረድ ያስቸግራል። ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ቅርስ ፍለጋ መጥተው የጣሪያ ምሰሶና የምግብ ቤት ፎቶ ይዘው ከተመለሱ ቤተሰብዎ ያዝንብዎታል።

ስለዚህ ከከተማው ይውጡ። ሙጃ አካባቢ አንዲት ተራ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ክብ፣ ጣሪያዋ ሾጠጥ ያለ፣ አናቷ ላይ ጉልላት ያላት ይፈልጉ። የጉልላቱ መስቀል ክንዶችና ጫፎቹ ላይ የተሰኩት የሰጎን እንቁላሎች ሰማዩ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ለዚህ ሥራ ከቤተ ጊዮርጊስ ትበልጣለች፤ ይህን ላሊበላ ላይ ጮክ ብለው አይናገሩ እንጂ።

ሰው ከሆነ የሚያነሱት፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ከእርሻ የሚመለስ ገበሬ ሞፈሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ በጎን ሲያልፍ የሞፈሩ ርዝመት፣ የእርፉ ቁልምም፣ የድግሩ ጆሮ፣ የማረሻው ሹል ጫፍ ሁሉም ይነበባል፤ ዕቃውን ለማያውቅ ፈረንጅ እንኳ ማስተማሪያ ይሆናል። ያው ሰው ወደ እርስዎ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ሞፈሩ ከደረቱ የወጣ ጉቶ፣ ራሱ ደግሞ ከሞፈሩ ጋር የተጣበቀ እብጠት ይሆናል። ጋቢ ለብሶ የቆመ ሽማግሌም እንደዚያው ነው። ጋቢ የተሠራው ብርድ እንዳያስገባ ነው፤ ብርሃንም አያስገባም። እጁን ከጋቢው ካላወጣ፣ ዱላውን ከሰውነቱ ካላራቀ፣ እግሮቹ መሐል ሰማይ ካልታየ ፎቶዎ ላይ የሚቆመው ሰው ሳይሆን ክምር ድንጋይ ነው። ዱላውን በትከሻው አግድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጠለበት እረኛ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ። መቋሚያ የያዙ ቄስም ጥሩ ናቸው፤ መቋሚያው ከአገጫቸው ተላቆ እንዲታይ ብቻ በጎን ይሁኑ።

አህያ በተፈጥሮዋ ለሲሉዌት የተፈጠረች ናት፤ ለጆሮዋ ሲባል። ጭድ ከተጫነች ግን አህያነቷ ይቀርና አራት እግር ያለው ክምር ትሆናለች። በግ ከሩቅ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይም ከሩቅ በግ ነው፤ ሁለቱንም አልመክርም። ጭላዳ ዝንጀሮ ለመጠባበቅ ያሰቡ እንደሆነ ጎፈሩ ከጀርባ ብርሃን ሲያገኝ ግሩም ነው፤ ችግሩ ጭላዳ የሚተኛው ገደል ላይ ስለሆነ ለማታው ትዕይንት ሳይቆይ ከአፋፉ ወደ ታች ወርዶ ይጠፋል። እሱን በጧት፣ ገደሉን ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይቅደሙት። እግርዎ ከቻለ አቡነ ዮሴፍ ላይ ጅብራ አለልዎ። ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ ይቆማል፤ አንዴ አብቦ ይደርቃል፤ ከደረቀም በኋላ ግንዱ ቀጥ እንዳለ ይቆያል። የማይንቀሳቀስ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ ፎቶው ይላክልኝ የማይል ብቸኛው ባለጉዳይ እሱ ነው።

የመረጡትን ሁሉ ከሰማይ ጋር ማገናኘት ደግሞ የጉልበት ሥራ ነው። ቆመው በዓይንዎ ቁመት ካነሱ የሰውየው ግማሽ አካል ከበስተጀርባው ኮረብታ ጥቁረት ጋር ይቀላቀላል። ከሸንተረሩ ወረድ ብለው፣ ተንበርክከው፣ ካስፈለገም በሆድዎ ተኝተው ሽቅብ ያንሱት። ከመተኛትዎ በፊት ሳማ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ይህን ምክር የዘለሉ ሰዎች ፎቷቸው ለምን እንደተወዛወዘ አይጠይቁኝም።

ካሜራው ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ደግነቱ ነው። የተሠራው ጨልሞ ያገኘውን ሁሉ እንዲያበራ ስለሆነ ጥቁሩን ሰው ሲያይ ያዝንለትና ፊቱን ለማሳየት ሰማዩን ያነጣዋል። ይህን ርኅራኄ ይከልክሉት። ካሜራውን ፀሐይዋን ከፍሬሙ አውጥተው ከአጠገቧ ወዳለው ደማቅ ሰማይ ያዙሩ፤ መጠኑን እዚያ ይለኩና ኤክስፖዠሩን ይቆልፉት፤ ካኖን ላይ የኮከብ ምልክት ያለባት ቁልፍ ይህን ትሠራለች። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመልሰው ያንሱ። ወይም በማንዋል ይሞክሩ፦ አይ ኤስ ኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ሸተሩ ሰማዩ ቀለሙን እስኪይዝ ድረስ። ሰማዩ አሁንም ከገረጣ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ያጨልሙ። ዋይት ባላንሱን አውቶ ላይ አይተዉት፤ አውቶ ቀዩን ሰማይ በሽታ መስሎት ያክመዋል። የቀን ብርሃን ላይ ያድርጉት። ፍላሽ ይጥፋ፤ በፍላሽ የተነሳ ሲሉዌት የመታወቂያ ፎቶ ነው። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ኤች ዲ አር የሚባለውን ያጥፉ፤ ሰማዩን በጣትዎ ይንኩና የምትመጣውን ትንሽ ፀሐይ ወደ ታች ይጎትቷት። ስልክ ካሜራ ላይ ፀሐይን በጣት ጎትቶ ማጥለቅ ይቻላል፤ ኢያሱ ያቆማት እንኳ እንዲህ አልቀለለውም።

ጥራቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ፎከስ ነው። ካሜራው ጥቁር ነገር መሐል ላይ የሚይዘው ነገር ያጣና ሌንሱን ወዲያ ወዲህ ሲያሽከረክር ሰውየው ቤቱ ይገባል። የፎከሱን ነጥብ ጥቁሩና ብርሃኑ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ትከሻው ወይም የዱላው ጫፍ ላይ ያኑሩ፤ ከያዘ በኋላ ወደ ማንዋል ይቀይሩት። የሚራመድን ሰው ከ1/250 ሰከንድ ባነሰ ፍጥነት ካነሱ እግሩ ይሟሟል። አፐርቸሩን ኤፍ 22 ድረስ ማጥበብ ጥራት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ ምስሉን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠራውም። ሌንሱ ላይ የገጠሙትን መከላከያ መስታወት ያውልቁ፤ ጀንበሯ እዚያ ላይ ተንጸባርቃ መንፈስ የመሰለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ትወልዳለች፤ መንገዱ ያለበሰውንም አቧራ ይጥረጉ። በመስታወት በሚሠራ ካሜራ ቀዳዳ ደግሞ በረጅም ሌንስ ፀሐይዋን ቀጥታ አይዩ። ይኼኛው ቀልድ የለበትም፤ ዓይን ይጠፋል።

ትልቅ ፀሐይ የሚፈልጉ ከሆነ ሒሳቡ እነሆ። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ውስጥ የፀሐይዋ ምስል ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ግርማ ፎቶው ላይ ሽምብራ የሚያህለው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከፀሐይዋ ክብ ጋር እኩል ሆኖ እንዲታይ ከእሱ 180 ሜትር ያህል ይራቁና በ400 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በረዘመ ሌንስ ያንሱት። ሙጃ ላይ 180 ሜትር መራቅ ማለት ሸለቆ ወርዶ ማዶ መውጣት ማለት ነው። ከዚያም «ትንሽ ወደ ግራ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ለዚህ ሥራ ከየትኛውም ረዳት የሰፈሩ እረኛ ይሻላል።

ማዶ ለማዶ ስንል አንድ ነገር ልጨምር። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች ከተማ ናት፤ ከዚያም ወዲህ የአካባቢው ሰው ሰላም ውሎ ማደሩን እየጠየቀ ነው የሚያመሸው። እርስዎ ሸንተረር ላይ ሆነው ማዶ ያለውን ሰው በጥቁሩ ሲያዩት፣ ማዶ ያለውም እርስዎን የሚያየው በጥቁሩ ነው። ትከሻ ላይ የተጋደመ ትራይፖድና የተደገነ ረጅም ሌንስ ከዚያ ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ አያስፈልግም። በቀን ብርሃን ሰፈሩ ይግቡ፤ ቀበሌውን ያነጋግሩ፤ ቡና ካሉዎ ይጠጡ፤ ካሜራውን ለልጆች ያሳዩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አያስቡት። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ይቅር፤ ጀንበር ወልድያም ላይ ትጠልቃለች።

ፈቃድ መጠየቅም ለብቻው ጥበብ አለው። «እንደምን አመሹ አባባ፣ እዚያ አፋፉ ላይ ትንሽ ቢቆሙልኝ ፎቶ ላነሳዎ ነበር» ይላሉ።

«ፊቴ ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ እኔ መሆኔ በምን ይታወቃል ልጄ?»

ለዚህ ጥያቄ የትኛውም የካሜራ መመሪያ መጽሐፍ መልስ የለውም፤ እኔ ግን አለኝ። ከሲሉዌቱ በፊት ያዙሯቸው። ጀርባቸውን ሲያበራ የነበረው ብርሃን አሁን ፊታቸው ላይ ነው፤ ከእሱ የተሻለ የፊት ብርሃን በየትኛውም ፎቶ ቤት በገንዘብ አይገኝም። አንዱን ለእሳቸው ያንሱ፤ ቀጥሎ ጥቁሩን ለራስዎ። የእሳቸውን ወልድያ አሳትመው፣ ወደ ሙጃ በሚወጣ ሰው እጅ ይላኩላቸው። በስልክ አሳይቶ «ይኸው አዩት አይደል?» ብሎ መሄድ ብድር ነው፤ አይጻፍም እንጂ ይቆጠራል።

ጀንበሯ ስትገባ ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ወደ መኪናው ይሮጣል። እርስዎ አይሂዱ። ከጠለቀች በኋላ ያሉት ሩብ ሰዓት ገደማ ደቂቃዎች ለዚህ ፎቶ ከቀደሙት ሁሉ ይበልጣሉ። የሚያንጸባርቅ ነገር የለም፤ ሰማዩ ከታች ብርቱካንማ ከላይ ውሃ ሰማያዊ ይሆናል፤ የጠርዙ መስመር በምላጭ የተቀደደ ይመስላል። ሸተሩ ስለሚዘገይ የሚራመደውን ትተው የቆመውን ያንሱ፦ ጉልላቱን፣ ጅብራውን፣ በር ላይ ቆሞ ከብት የሚጠብቀውን። ትራይፖድ ከሌለ ጋቢዎን አጣጥፈው ካብ ላይ ያድርጉና ካሜራውን ያሳርፉበት፤ በ2 ሰከንድ ማዘግያ ያንሱት። መለዋወጫ ባትሪውን ኪስዎ ውስጥ ያሙቁት፤ የደጋ ብርድ ባትሪ ያደክማል። ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን የባትሪ መብራት ነው፤ ወደ ቤት የሚመልስዎ እሱ ስለሆነ አይርሱት።

ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ጥቁሩን ለማብራት እጅዎ ይበላዎታል። ከጋቢው እጥፋት ትንሽ፣ ከአህያዋ ዓይን ትንሽ ላሳይ ይላሉ። አያድርጉት፤ የጠቆረው ይጥቆር፤ እንዲያውም ጥቂት ይጨምሩበት። ብርቱካኑን ግን አይጨምሩ፤ ሰማዩ የሚሪንዳ ማስታወቂያ ከመሰለ አልፈዋል።

መጨረሻ ላይ ፎቶውን ሲለጥፉ ቦታውን በትክክል ይጻፉ። ከወልድያ እስከ ሰቆጣ ያለው ምድር ሁሉ «ላሊበላ» ተብሎ መለጠፉ ይብቃ። ሙጃ ይበሉ፤ ግዳን ወረዳ፣ ሰሜን ወሎ።